ቤት ለዋልን ሕመምተኞች፦ የተራረፈ ክር ምን ይሠራበታል? የሠራነውስ ለሕፃን ይሰጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። የጅማ፣ የቦሳ አዲስ ነዋሪ ነኝ። የሳንባ ቲቢ ታምሜ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ሳሉ ቀሎልኛል፣ የሌሊቱም ላብ ቀርቷል፤ ግን ትንሽ ስንቀሳቀስ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ሥራ የምገባበት አቅም የለኝም። ስለዚህ ቤት ነው የምውለው። የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የጀመረ ዝናብ ማታ ድረስ የማያባራበት ቀን ብዙ ነው። ተጋድሞ ጣራ ማየት ደግሞ በበሽታ ላይ በሽታ ይጨምራል።

እናቴ ለዓመታት ሹራብና ዳንቴል ስትሠራ የተራረፈው ክር በካርቶን ተቀምጧል። ከሎሚ የሚበልጥ ጥቅል የለውም። ቀለሙ ዓይነት በዓይነት ነው፣ ውፍረቱም አንድ አይደለም፣ የፋብሪካው ወረቀት ስለወደቀ ጥጥ ይሁን ሱፍ አይታወቅም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ክር ቶሎ ለሚደክመው ሰው ምን ይሠራበታል? ሁለተኛው የሚከነክነኝ ነው። የወንድሜ ሚስት ወሯ ገብቷል። የሕፃን ኮፍያ ጀምሬላት ሳለ አንዲት ጎረቤታችን አየችኝና፣ ቲቢ የያዘው ሰው የነካው ክር አራስ ልጅ ራስ ላይ አይደረግም ብላ ከእጄ ልትነጥቀኝ ምንም አልቀራትም። እኔ በሽታው በክር አይተላለፍም ባይ ነኝ። መድኃኒቱን እየወሰደ ያለ ሰው እጁ የሠራውን ለሚወደው መስጠት መቻል አለበት፤ ይህን መከልከል ሰውን በቁሙ መቅበር ነው። ትክክል ነሽ የምትሉም፣ ተሳስተሻል የምትሉም ጻፉልኝ።

ዘግይታችሁ ለመጣችሁ፦ ጽሑፉ ስለበዛ መልሶቹን ከዚህ በታች በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታ ላይ የራሴንም ጨምሬያለሁ።

መልስ 1። አጋሮ የምትኖር እናት ናት። አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ ብላ መርቃኝ በቀጥታ ወደ ሥራው ገባች። ለታመመ ሰው ትልቅ ሥራ አይጀመርም ነው የምትለው፤ ሹራብ ተጀምሮ ክንዱ ላይ ሲቀር ባዩት ቁጥር ያስከፋል። እሷ ኦፕራሲዮን ሆና በተኛችበት ጊዜ 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ በኪሮሽ እየሠራች ታስቀምጥ ነበር። አቅም ባለ ቀን ሁለት ሦስት፣ በሌለ ቀን ምንም። አንዱ ካሬ አልቆ ስለሚቀመጥ በእንጥልጥል የቀረ ነገር የለም። 80 በ100 ሳንቲሜትር ለሚሆን የሕፃን ብርድ ልብስ 80 ካሬ ይበቃል። መሐሉ የፈለገው ቀለም ቢሆን የሁሉም ጠርዝ በአንድ ቀለም ከተከበበ ሲገጣጠም ታስቦበት የተሠራ ይመስላል አለችኝ። ለአንደኛው ጥያቄዬ ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ መጨረሻው አልመጣም።

መልስ 2። በመልስ 1 ተስማምቶ አንድ ነገር አረመ፤ ክሩ ዓይነቱ ሳይለይ ካሬዎቹ አንድ ላይ አይሰፉም። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይኮማተራል፣ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን እንዳለ ይቀራል፤ ጎን ለጎን ከተሰፉ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ብርድ ልብሱ ተጨማዶ ቁጭ ይላል። ወረቀቱ ለጠፋበት ክር መፍትሔው ክብሪት ነው አለ። እኔም በረንዳ ላይ፣ ውኃ ያለበት ሳህን አጠገቤ አድርጌ፣ ጭሱን ከፊቴ አርቄ ከየጥቅሉ የጣት ቁመት ያህል እየቆረጥኩ በወረንጦ ይዤ ሞከርኩት። ጥጡ ቶሎ ነደደ፣ ሽታው የወረቀት ነው፣ የቀረው አመድ ሲነኩት ይበተናል። ሱፉ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁለት ራሱ ይጠፋል። አክሪሊኩ ግን እየቀለጠ ነደደ፤ ወደ ውስጥ ተሰበሰበና ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር እንክብል ሆኖ ቀረ። ከእናቴ ካርቶን አብዛኛው አክሪሊክ ሆኖ ተገኘ። ጥጥ የሆነው ለዳንቴል የተገዛው ቀጭኑ ክር ነው፣ ሱፍ ደግሞ አንድ ቡናማ ጥቅል ብቻ። ሦስቱን በሦስት ፌስታል ለየኋቸው።

መልስ 3። ከፈረንጅ አራዳ። ለጀበና ማቶትና ለድስት መያዣ አድርጊው፣ ቡና ባለበት ከተማ ማቶት የማይፈልግ ቤት የለም ብላ አጭር ጽፋ ሄደች።

መልስ 4። እዚህ ላይ ነው ድምፅ ከፍ ማለት የጀመረው። መልስ 2ን ሳያነቡ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ሌላውን ያቃጥላሉ ብሎ ተነሣባት። ከከሰል ላይ የወረደ ጀበና አክሪሊክ ላይ ሲቀመጥ ክሩ ቀልጦ ሸክላው ላይ ይጣበቃል፤ የድስት መያዣ ከሆነ ደግሞ የሚጣበቀው ጣት ላይ ነው። እህቱ የተቃጠለችበትን ጠባሳ ጠቅሷል። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ነገሩ ግን እውነት ነው፤ እሳት የሚነካው ሥራ ሁሉ ከጥጥ ይሁን፣ እጥፍ ሆኖ። መልስ 3 ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀች፣ የሷ ማቶት ከጥጥ እንደሆነና ለሌላው ሳታስብ እንደጻፈች ነገረችን።

መልስ 5። የጎረቤቴን ሐሳብ የደገፈች ናት፤ ያውም ከጎረቤቴ በባሰ ቃል። ልጁን ብትወጂው ኖሮ ይህን አትጠይቂም ነበር፣ የቲቢ በሽተኛ ልብሱም ዕቃውም ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ ሲሻለው ደግሞ ይቃጠላል ነው ያለችው። ይህን ያነበብኩ ቀን ምንም መሥራት አልቻልኩም። ለእኔ ብቻ አይደለም የከበደኝ፤ ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ይህን የሚያነብ ስንት ሰው አለ።

መልስ 6። ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል እንደምትሠራ የገለጸች እህት ናት። ከሁሉም መልስ እሷን ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። ቲቢ የሚተላለፈው ሳንባው የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገር ጀርሙ ወደ አየር ወጥቶ ሌላው ያንን አየር ሲተነፍስ ነው። በልብስ፣ በአንሶላ፣ በሳህን፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው፣ ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ካልሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ወደ ሌላው የማስተላለፉ ነገር በጣም ይቀንሳል፤ ይህንን የሚወስነው ግን የሚያክመው ባለሙያና የአክታው ምርመራ እንጂ የቀን ቆጠራ አይደለም። ስለዚህ ኮፍያው ይሂድ ብላለች፣ እንደማንኛውም የአራስ ልብስ ታጥቦ። እኔ ራሴ ግን ባለሙያው ሳይፈቅድልኝ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከአራሷ ጋር እንዳልቀመጥ አጥብቃ አሳሰበችኝ። ጎረቤቶች በክሩ ሲጨነቁ ዋናውን ነገር እንደሚረሱትም ጽፋለች፤ አብሮኝ የሚኖረው ሰው ሁሉ መመርመር አለበት፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ በሽታው ባይገኝበትም የመከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ የሚወለደውም ልጅ የቲቢ መከላከያ የሆነውን የቢሲጂ ክትባት እንደተወለደ ያግኝ። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ በማግስቱ ሁሉንም ይዟቸው ሄደ።

መልስ 7። መልስ 5 ተመለሰች። ታዲያ እናቶቻችን የቲቢ በሽተኛን ሳህን ለምን ይለዩ ነበር ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ያደግኩት ይህንን እያየሁ ነው።

መልስ 8። ሸቤ ያደገ ወንድም መለሰላት፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የነካኝ የእሱ ነው። ታላቅ ወንድሙ ታምሞ በነበረ ጊዜ ለብቻው ኩባያ፣ ለብቻው ሳህን ተሰጠው። ሰሃኑ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህን ነበር። ቤተሰቡ ክፋት አልነበረበትም፣ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። ልጁ ግን እንጀራው በዚያ ሳህን ሲመጣለት መብላት እየተወ ሄደ፤ ምግብ ሲተው ኪኒኑ ሆዱን አስቸገረው፣ ኪኒኑንም አቋረጠ፣ እንደገና ተባብሶበት ከመጀመሪያው ጀመረ። ዛሬ ደህና ነው፣ ልጆች ወልዷል። መሶብ ላይ ተቀምጦ እንዲበላ የፈቀደለት ጤና ጣቢያ የነበረ አንድ ነርስ ነው፤ እቤት ድረስ መጥቶ ከእሱ ጋር በአንድ ትሪ በላ። ከዚህ መልስ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም።

መልስ 9 እና 10 ከርዕሱ ወጡ። 9 የጻፉት ጋሼ ናቸው፤ በሽታው የመጣብኝ ከብርድ ነው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ክር መሥራቴን ትቼ መስኮት ዘግቼ ልተኛ፣ ንፋስ ሳንባ ይመታል ነው ያሉት። 10 ነጭ ሽንኩርት በጅማ ማር በጥብጬ ብጠጣ ኪኒን እንደማያስፈልገኝ ጻፈ።

መልስ 11። መልስ 6 ናት፣ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ አልቋል። ለጋሼ በአክብሮት መለሰች፤ የቲቢን ጀርም ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ማግኘቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 እንደሆነና ብርድ በራሱ ቲቢ እንደማያመጣ፣ እንዲያውም መስኮት መክፈት አየሩን ስለሚያጠራ ለቤተሰቡ እንደሚጠቅም አስረዳቻቸው። ብርዱን በጋቢ መከላከል ይቻላል። ለ10 ግን አልራራችም። ማር መብላት ማንም አልከለከለም፣ ኪኒን አቋርጡ ብሎ መጻፍ ግን ሰው መግደል ነው፤ ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒት ተላምዶ ይመለስበታል፣ ከዚያ በኋላ ሕክምናው ይከብዳል አለችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። እንዲህ ያለ ምክር እዚህ እንዳይደገም እለምናለሁ። ጋሼ አመስግነው፣ እንግዲያው ጋቢው ወፍራም ይሁን ብለው መርቀውኛል።

መልስ 12። ወደ ክሩ መለሰን፣ እግዜር ይስጣት። ክር የሚያልቅበት ሰው አዲስ መግዛት የለበትም፣ ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄዶ አሮጌ ሹራብ ገዝቶ መተርተር ይችላል ትላለች። ግን ከመግዛት በፊት ሹራቡ ይገለበጥና ስፌቱ ይታይ። የጎኑ ጠርዝ ተቆርጦ በማሽን የተዘመዘመ ከሆነ ክሩ በየመስመሩ ስለተቆረጠ ከክንድ የማይረዝም ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚወጣው። ጠርዙ ያልተቆረጠ፣ ሁለቱ ጎን በሰንሰለት ስፌት የተያያዘ ከሆነ ግን ስፌቱ ሲፈታ ከላይ እስከ ታች ሳይበጠስ ይተረተራል። የተተረተረው ክር እንደ ተጠማዘዘ ስለሚቀር በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሞ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጎ አስሮ፣ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ፣ ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥሎ ማድረቅ ነው። በክረምት እንዴት ይደርቃል ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ በፎጣ ጠቅልሎ በእግር መርገጥና ከዚያ ማንጠልጠል፣ እርጥበት እያለው ፌስታል ውስጥ ግን ፈጽሞ አለማስገባት ነው መልሷ። ይሻግታል። የጅማን ሻጋታ ለምናውቅ ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም።

መልስ 13 ሹራቡ የሐሙስ ገበያ ይረክሳል አለ፣ መልስ 14 ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ታሪክ ጀመረ። የሄርማታ የሐሙስ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን የስንት አገር ነጋዴ የሚገናኝበት እንደነበር፣ ሁለተኛው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 እንደገዙ፣ ቤተ መንግሥታቸውም ጅሬን ኮረብታ ላይ ዛሬም እንደቆመ ጽፈዋል። ደስ የሚል ነገር ነው። አንዷ በመሐል ገብታ የታመመችው ልጅ ስለ ክር ነው የጠየቀችው ብላ ቆጣ አለች፤ እኔ ግን አልተቀየምኩም፣ ቤት የዋለ ሰው ስለ ገበያ ሲወራለት የወጣ የወጣ ይመስለዋል።

መልስ 15። ባጃጅ ተገልብጦበት እግሩ የተሰበረ ወጣት ነው፣ ጄሶ ውስጥ ነው ያለው። ስልክ ማየት እንደሰለቸውና ኪሮሽ መማር እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን የሚያስተምረው ሰው መጠየቅ እንዳፈረ ጻፈ።

መልስ 16 ሳቀበት። የጻፈውን አልደግመውም፤ ወንድ ልጅ ዳንቴል ሲሠራ የሚል ነገር ነው።

መልስ 17፣ 18 እና 19 ተረባርበው ወረዱበት። 17 የለበስከውን ጋቢ ማን የሸመነው ይመስልሃል ስትል ጠየቀችው፤ በአገራችን ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ወንድ ነው፣ የዶርዜን ሸማኔዎች ሄደህ እይ። 18 ክር የያዘ ወንድ ካሳቀህ ለልብስ ሰፊ ሱሪህን አትስጠው አለው። 19 ከስድብ ይልቅ ትምህርት መረጠች፤ ለጀማሪ ቀጭኑ የዳንቴል ኪሮሽ እንደሚያስቸግር፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ያለው ወፍራም ኪሮሽና ቀለሙ የፈካ ክር እንዲይዝ፣ ጥቁር ክር ላይ ቀለበቱ ስለማይታይ ለመማሪያ እንዳይጠቀምበት፣ መጀመሪያ ሰንሰለት ብቻ እየሠራ እጁን እንዲያላምድ ጻፈችለት። ልጁ ሰንሰለቱን ፎቶ አንሥቶ ልኳል። እኩል አይደለም፣ ግን ያምራል።

መልስ 20። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፣ ቲቢ ላላችሁ በተለይ። የፋርማሲ ባለሙያ ነው የጻፈው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት አንድ ላይ እንወስዳለን፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። ቀጥሎ ባሉት አራት ወራት ሁለቱ ብቻ፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፣ ይቀጥላሉ። ኢታምቡቶል አልፎ አልፎ የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ደግሞ ክር የሚሠራ ሰው ከማንም ቀድሞ ሊያውቀው የሚችል ነው፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት ያስቸግራል፣ እይታም ይደበዝዛል። ቀለም ሲምታታብሽ አምፖሉ ነው፣ ድካም ነው ብለሽ አትለፊው፣ በዚያኑ ቀን መድኃኒት ወደምትወስጂበት ሂጂ ብሎኛል። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒቱ ይስተካከልና ብዙውን ጊዜ ዓይን ይመለሳል።

ይህንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አሁን ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቡናማ ቁራጭ ለይቼ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጠዋት ኪኒኔን ከወሰድኩ በኋላ በሩ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ መጀመሪያ ግራ ዓይኔን ከዚያ ቀኜን በእጄ እየሸፈንኩ አያቸዋለሁ። አንድ ዓይን ብቻ ሊጎዳ ስለሚችል ሁለቱን ገልጦ ማየት ሊያታልል ይችላል። ይህ የጤና ጣቢያውን ምርመራ አይተካም፣ እዚያም ስሄድ ዓይኔን እንዲያዩልኝ ጠይቄያለሁ። ግን ክብሪት ቀፎ ያጣ ቤት የለም፤ እባካችሁ አድርጉት።

መልስ 21። ጣቶቿን የሚያደነዝዛት እህት ናት፤ ከኪሮሹ መስሏት ኪሮሹን ትታው ነበር። 20 ተመልሶ አይሶናያዚድ እጅና እግር ላይ የመደንዘዝና የማቃጠል ስሜት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ለዚህም ቫይታሚን ቢ6 እንደሚሰጥ ነገራት። ሽንቷ ብርቱካንማ መሆኑ ግን ከሪፋምፒሲን ስለሆነ እንዳያስደነግጣት ጨመረላት። ሄዳ ቢ6 እንዳዘዙላት ጽፋልናለች።

መልስ 22። አዋላጅ ነርስ። የኮፍያውን ልክ የሰጠችኝ እሷ ናት። በወሩ የተወለደ ልጅ የራሱ ዙሪያ ወደ 35 ሳንቲሜትር ነው፤ ኮፍያው ስለሚለጠጥ ሳይወጠር ከ30 እስከ 32 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ያለ ጊዜው ለተወለደ ከዚያም ያነሰ ይሠራ። እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ታቅፎ ለሚያድግ ትንሽ ልጅ፣ ካንጋሮ በሚሉት እንክብካቤ፣ ኮፍያ ዋና ነገር ነው፤ ይህ እንክብካቤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሣጥን ሲያንስ ነው። ከዚያ የማይደረገውን ዘረዘረች። አናቱ ላይ የክር ኳስ አይሰፋም፣ ተነቅሎ አፍ ይገባል። አገጭ ሥር የሚታሰር ረጅም ገመድ አይደረግም። ካልሲና የእጅ ጓንት ከሆነ ደግሞ ይገልበጥና ውስጡ ይታይ፤ ቀለም ሲቀየር ከውስጥ የሚንጠለጠለው ክር በሕፃኑ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል፣ ልጁ ይጮኻል፣ ማንም ካልሲውን አውልቆ አያይም። እሷ ካልሲ አውልቃ ክር ከጣት ላይ ቆርጣ እንደምታውቅ ጽፋለች። ባለ ብዙ ቀለም የተራረፈ ክር ለምንሠራ ሰዎች ይህ በቀጥታ የሚመለከተን ነው። እኔ ካልሲውን ትቼዋለሁ፤ የኮፍያውን ጫፎች ደግሞ እያንዳንዳቸውን በመርፌ ወደ ኋላና ወደ ፊት መልሼ ሸጉጫቸዋለሁ።

መልስ 23። ፍልሰታ ስለገባ ልጹም ወይ የሚል ሌላ ሕመምተኛ ነው፤ መልስ 24 ንስሐ አባቱን እንዲያማክር፣ ለታመመ ሰው እንደሚፈቀድ፣ አጋሮ ያለችው መልስ 1 ደግሞ በረመዳንም ሕመምተኛ ሲሻለው የሚያወጣው ጾም እንደሆነ ጻፉ። ሁለቱም እንቁላሉንና ወተቱን አትተው ብለውታል። በዚህ የሚጨቃጨቅ አልተነሣም፣ አስደሰተኝ።

መልስ 25። በምን ላይ ተቀምጠሽ ነው የምትሠሪው ብላ የጠየቀችኝ ናት። በጅማ በርጩማ አልኳት። ውብ ነው፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ሦስት እግር ነው፣ ግን መደገፊያ የለውም፤ ሳንባው የደከመ ሰው ጎብጦ ሲውል ደረቱ ይጨነቃል፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ውሰጂ፣ በርጩማውን እግርሽ ሥር አድርጊው አለችኝ። ለበርጩማ ጥብቅና የቆመ አንድ ሰው ነበር (መልስ 26)፣ አያቱ እድሜ ልኳን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ፈትላ ወገቧን አሟት እንደማያውቅ ነገረን። የሷ ይሁንላት። እኔ ወንበሩን ወስጃለሁ፣ ለውጡን ትከሻዬ ያውቀዋል።

መልስ 27። መልስ 5 ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ሐሳቧን አልቀየረችም። የጤና ባለሙያዋን አክብራ እንደሰማች፣ ሆኖም ለገዛ ልጇ ቢሆን እንደማታደርገው፣ በሰፈሯ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደምትጠይቅ ጻፈች። ስለ ሰደበችኝ ግን ይቅር በዪኝ ብላለች። ይቅር ብያታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራት፤ ቤቷ ውስጥ ወይ ጎረቤቷ ዘንድ የሚያስል ሰው ካለ፣ ዕቃው ይቃጠላል የሚባልበት ሰፈር ውስጥ ያ ሰው ማሳሉን ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እስኪታወቅ ድረስ የሚያስልበት አየር ነው የሚጎዳት፣ የሠራው ኮፍያ አይደለም። እህቴ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ የነገረችሽን እዚህ መጥተሽ ጻፊልን።

መልስ 28። የመጨረሻው ለጊዜው ይህ ነው፤ የተረፈው ክር አንድ ሥራ ይጨርስ አይጨርስ አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል የሚል። ለዚህ እናቴ መለሰች፣ እኔ ጻፍኩላት። በሹራብ መርፌ ተራ መስመር ሲሠራ አንድ መስመር የሥራውን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ክር ይበላል፤ በኪሮሽ ከሆነ ከዚያ በላይ። ስለዚህ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ክሩን በሥራው ላይ አራት ጊዜ ዘርግታችሁ ካልደረሰ አዲስ መስመር አትጀምሩ፣ ቀለሙን እዚያው ቀይሩ። ለኮፍያ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ሱቅ ሄዳችሁ ክሩን አስመዝኑ፤ መካከለኛ ውፍረት ካለው ክር 30 ግራም ለአንድ አራስ ኮፍያ ይበቃል። ክሩ ቀጭን ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መሥራት ነው፤ እኔ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን ክር ደርቤ ሠርቻለሁ፣ የተሰባጠረ መልክ አወጣ።

የወንድሜ ሚስት ኮፍያውን ተቀብላለች፣ አጥባ ከሌላው የአራስ ልብስ ጋር አስቀምጣዋለች። ለብርድ ልብሱ ካሬዎች መጠረዣ የሚሆን ነጭ አክሪሊክ ግን አልቆብኛል። ጅማ ውስጥ የተረፈው ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ፤ በምትኩ ቀይም አረንጓዴም በብዛት አለኝ።